በፋይል ላክልኝ

ፀዳለ ለሰው ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ነበራት፦ «ፎቶውን በፋይል ላክልኝ!» በቴሌግራም ዝም ብሎ የተላከ ፎቶ ጥራቱ ይወርዳል፤ በፋይል የተላከ ግን እንደተነሳ ሙሉ ሆኖ ይመጣል። ይህን ለሙሽራው፣ ለተመራቂው፣ ለአስተማሪው፣ ለዘመድ አዝማዱ ስትለፈልፍ ስምንት ዓመቷ ነው። «እንዲህ በላክሽው ፎቶ ባነር ልሠራልሽ? ፊትሽ ገንፎ ነው የሚመስለው!» እያለች ደንበኛ ትቆጣለች። ወንድሟ ደምመላሽም የዚህ ቁጣ ድርሻው ስንት ጊዜ ደርሶታል። እንግዲህ የዚያን ሐሙስ ጠዋት የሟች እናታቸውን ፎቶ ሲልክላት፣ የሚመጣበትን አያውቅምና፣ እንደተማረው አድርጎ በፋይል ላከው።

ከሥሩም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ፀዲዬ፣ ለእሑዱ አርባ ይቺን በባነር እናሠራት። ከኋላዋ ያለውን ነጭ ግድግዳ አጥፊውና ደመና ነገር፣ አበባ ነገር አድርጊበት። ፈገግታዋን አየሽልኝ?»

አየችው እንጂ! አየችውና ሆዷ ባባ። እናቷ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ በሕይወት ዘመኗ ካሜራ ፊት ጥርሷን አሳይታ አታውቅም። የፎቶ ባለሙያ ልጅ ወልዳ፣ ልጅቷ ካሜራ ባነሳች ቁጥር ፊቷን ጭፍግግ አድርጋ፣ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ታፈጣለች። «እማዬ፣ ትንሽ ሳቅ በይልኝ» ስትላት፣ «ምን አገኘሁ ብዬ?» ትላታለች። እዚህ ፎቶ ላይ ግን ነጠላዋን በቀኝ እጇ ደረቷ ላይ ሰብስባ ይዛ፣ ዓይኗ ሳይቀር ይስቃል። ፀዳለ በመሐረቧ አፍንጫዋን ጠረገችና ወንድሟን በልቧ መረቀችው። አይ ፀዳለ!

የምትሠራው ሮቤ፣ ገበያው አጠገብ ባለው የሻፊ ፎቶ ቤት ነው። ሻፊ ያነሳል፣ እሷ ትቆርጣለች። መቁረጥ ማለት በእነሱ ቤት ሰውየውን ከኋላው ካለው ነገር ለይቶ ማውጣት ነው። ደንበኛው ነጭ ጨርቅ ፊት ቆሞ ይነሳል፤ እሷ በኮምፒውተር ጨርቁን ታነሳና ያሻውን ቦታ ታቆመዋለች። የሳነቴን አምባ በሩቁ እንኳ አይቶ የማያውቀው ሰውዬ ከቀይ ቀበሮ ጋር ቆሞ ሳሎኑ ተሰቅሏል፤ ይኸው የእሷ እጅ ሥራ ነው። የሰው ጠባሳ፣ ብጉር፣ የሸሚዝ እድፍ፣ አንዳንዴም የተጣላ ባል ሳይቀር አጥፊልን ተብላ አጥፍታለች።

ቤቷ ግን ጎባ ነው። እናቷን እግሯ ከያዛት ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ሚኒባስ ይዛ ሮቤ፣ ማታ ተመልሳ ጎባ። አጥባ፣ አብልታ፣ መድኃኒት ሰጥታ፣ ጎረቤታቸውን አዴ ዲንቄን «አደራ፣ ይዩልኝ» ብላ ነበር የምትወጣው። በእውቀቱ የሚባል የጤና ባለሙያ ከጎንደር ተመድቦ መጥቶ ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ ነበር። ዝውውር ሲያገኝ «አብረን እንሂድ» አላት። «እናቴን ለማን ጥዬ?» አለችው። እሱም ሄደ፣ እሷም ቀረች፤ ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመቷን ደፈነች።

ታዲያ በእነዚያ ዓመታት እናቷ የምትላት አንድ ነገር ነበር። «ይህ ቤት ያንቺ ነው፤ ከአንቺ ሌላ ማን ጦሮኛል? ይቺ መንገድ ዳር ያለችው ክፍል ደግሞ ፎቶ ቤትሽ ትሆናለች» ትላታለች። ፀዳለ ያቺን ቃል ይዛ ነው የኖረችው። ባለፈው መስከረም እንዲያውም የዚያችን ክፍል አንዱን ግድግዳ በእጇ ነጭ ቀለም ቀብታዋለች፤ ሰው የሚነሳበት ይሆናል ብላ። ከአርባው በኋላ የሻፊን ሥራ ለቃ የራሷን ልትከፍት ቀን ቆርጣ ነበር። ሌላ የምትለው ነገር በዓለም ላይ አልነበራትም፤ ያ ቤት፣ ያቺ ክፍል፣ በቃ።

እንግዲህ ሻይዋን አጠገቧ አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ገባች።

አሁን አሁን አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ኮምፒውተሩ ራሱ ሰውን ለይቶ ግድግዳውን የሚያጠፋበት መላ መጥቷል። ሻፊ በዚያ ይምላል። ፀዳለ ግን «የነጠላ ዘርፍ ይበላል» እያለች ታማዋለች፤ እናቷንማ ዙሪያዋን በእጇ እየተከተለች ነው የምትቆርጣት። ቢሆንም ለመነሻ ያህል ብላ ቁልፉን ነካችው።

ግድግዳው ጥፍት አለ። እናቷ ብቻዋን ቀረች። ምነው ብቻዋን በሆነ! ከፎቶው ጠርዝ በኩል የገቡ አራት ጣቶች ግራ ትከሻዋ ላይ አብረዋት ቀሩ። ፎቶው ከግድግዳው ጋር ሳለ የነጠላው እጥፋት ጥላ ነበር የሚመስሉት። ማሽኑ የእሷ አካል መስሎት ይዟቸው ቀርቷል።

«ደግሞ ይሄ የማን ነው?» አለች ፀዳለ። ከእናቷ ሥር ደማቅ ቀይ ቀለም አነጠፈች፤ ቀይ ላይ ሲሆን የቁርጡ ጠርዝ ጉድለቱ አይደበቅም። ከዚያ ወደ ጣቶቹ አቀረበችው፣ አቀረበችው። ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ ጠማማ ናት።

ጠማማዋን ጣት ታውቃታለች። የአዴ ዲንቄ ናት። የግቢው የብረት በር በነፋስ ተወርውሮ ሲቆረጥማቸው ሐኪም ቤት ያደረሰቻቸው ራሷ ፀዳለ ናት፤ አጥንቱ ተጣሞ ነበር የገጠመው። «አዴ ዲንቄ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለች። ደግነታቸው ነው፤ ደግፈዋት ይሆናል፤ እናቷ ብዙ መቆም አትችልማ። እንዲህ ብላ ራሷን አጽናንታ ወደ ቀኝ እጇ ወረደች፤ የነጠላውን ጥለት ልታስተካክል።

የእናቷ አውራ ጣት ሐምራዊ ነው። ከጫፉ እስከ መጀመሪያው አንጓ ሐምራዊ። ጥላ ይሆናል ብላ ብርሃን ጨመረችበት፤ ባሰበት። የአሻራ ቀለም ነው! ፊደል ያልቆጠረ ሰው ወረቀት ላይ ሲፈርም ጣቱን የሚነክርበት ቀለም፣ የማንም መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያለው።

ፀዳለ ክው አለች። በፋይል የመጣ ፎቶ የተነሳበትን ቀንም ይዞ ይመጣል፤ እሱን ፈለገች። ኦክቶበር ሃያ ስምንት ይላል። አሥር ቀነሰች። ጥቅምት አሥራ ስምንት።

ጥቅምት አሥራ ስምንትን እንዴት ትረሳዋለች! ከሻፊ ጋር ዲንሾ ሄዳ ለትምህርት ቤት መታወቂያ ልጆች ስታነሳ ነው የዋለችው። የእናቷ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ከዚያው ቀን ጋር ተጋጭቶባት ስትጨነቅ፣ ደምመላሽ «አንቺ ሥራሽን ሂጂ፣ እኔ እወስዳታለሁ» አላት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እወስዳታለሁ ብሎ የማያውቅ ሰው! ትከሻውን ስማ ነበር የሄደችው። ስትመለስ የእናቷ አውራ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘችው።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ሽንኩርት ስከትፍ ቢላው ጨረፈኝ።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሽንኩርት የምትከትፊው? እስቲ ልየው።»

«ተይው ስልሽ! ደም አይተሽ ልትንጫጪብኝ ነው።»

ፀዳለ ሮጣ ፋርማሲ ሄዳ ፕላስተር ገዛችላት። አንድ ሳምንት ሙሉ እናቷ ፕላስተሩን ራሷ ነበር የምትቀይረው፤ ያውም ጀርባዋን አዙራ። ፀዳለ ሽንኩርቱን ረግማ፣ ቢላውን ከቁምሳጥኑ ላይ ደብቃ፣ «ሁለተኛ ወጥ ቤት እንዳትገቢ» ብላ ተቆጥታት ነበር። ይህ ሁሉ ትዝ ሲላት ሻይዋን ገፋችው።

ሻፊ ከካሜራው ዞር ብሎ አያት። «ፀዳለ፣ ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ዓይኔን ነው» አለችውና ቀዩ ላይ ያለውን ምስል በስልኳ አንስታ፣ ለወንድሟ እየደወለች ደጅ ወጣች።

ደምመላሽ ወዲያው አነሳ።

«ደሜ፣ ይቺን ፎቶ የት ነው ያነሳሃት?»

«እኔ ቤት ነዋ። ሳሎን።»

«ሳሎንህ አረንጓዴ አይደል እንዴ?»

«እ... በረንዳው ላይ መሰለኝ። ምነው ግድግዳ ግድግዳ አልሽብኝ፣ አጥፊው አይደል ያልኩሽ?» ብሎ ሳቀ።

ሳቁ እንደ ልጅነቱ ነበር። ፀዳለ ስልኩን ዘግታ በቀጥታ ወደ ሚኒባስ ተራ ሄደች። እስከ ጎባ ድረስ አንዲት ነገር ብቻ ነበር በልቧ የምታመላልሰው፤ እናቴ ዓይኗ አያይም፣ አታለዋት ነው፣ ምን እንደምትፈርም አላወቀችም። ይህን ብቻ የሚነግራት ሰው ብታገኝ ቤቱም ይቅር፣ ክፍሏም ትቅር፣ ግድ አልነበራትም።

አዴ ዲንቄ አጥር ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ገብስ ይለቅማሉ። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ። «ኢንታላ ኮ! ልጄ፣ ዛሬ በጊዜ?»

ፀዳለ ሰላምታውን አልመለሰችም። ስልኳን አወጣችና ቀዩ ላይ የቀሩትን አራት ጣቶች ፊታቸው ደቀነችው። «አዴ ዲንቄ፣ ይቺን ጣት ያውቋታል?»

አዩ። ጠማማ ጣታቸውን ሳያስቡት በሌላው እጃቸው ሸፈኗት። ሰፌዱ ከጉልበታቸው ተንሸራቶ ገብሱ ተበተነ።

«አስምላኝ ነው» አሉ። «ምስክር ሁኚኝ አለችኝ። ለፀዳለ ብትነግሪያት ቀብሬ ላይ እንዳትቆሚ ብላ አስማለችኝ። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ናት፤ ምን ልበላት?»

«ቤቱን ነው?»

«ቤቱን ነው። ለደምመላሽ በስጦታ።»

«አላወቀችም አይደል?» አለች ፀዳለ፤ ድምፅዋ ልመና ሆነ። «ዓይኗ አያይማ! ሌላ ነገር ነው ብለው ነው ያስፈረሟት። አይደል አዴ ዲንቄ? በሉኛ!»

አዴ ዲንቄ የተበተነውን ገብስ በመዳፋቸው ሰበሰቡ። መዋሸት ይችሉ ነበር፤ ቢዋሹ ምን ነበረበት? ግን በዚያ ቤት ላይ ከዚህ በላይ ውሸት መጨመር አልሆነላቸውም።

«ውል ቢሮው ውስጥ ሁለት ጊዜ አነበቡላት። ጸሐፊው ‹ገብቶሻል ወይ እማማ?› አላት። ‹አሳምሮ ገብቶኛል› አለችው። አላስችል ያለኝ እኔን ነው። ውጪ ባጃጅ ስንጠብቅ ጠየቅኳት፤ ‹ለፀዳለስ?› አልኳት።»

«ምን አለች?»

«‹ፀዳለ የትም አትሄድብኝም። እሱ ግን ካልሰጠሁት ይርቀኛል› አለች።»

ወይ ነዶ! ፀዳለ አጥሩን ይዛ ቆመች። ቢሰድቧት፣ ቢረግሟት፣ «አልወድሽም» ቢሏት እንዲህ አንጀቷ አይቆረጥም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ባል የቀረባት፣ ያ ሁሉ ተደምሮ «የትም አትሄድም» ሆነ። የምትሄድ ብትሆን ኖሮ ይሰጧት ነበር ማለት ነው! እናት ደግሞ ይህን ፈርማ መጥታ፣ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ፣ በማግስቱ «ይቺ ክፍል ፎቶ ቤትሽ ናት» ትላለች? ብላለች። እስከምትሞትበት ቀን ድረስ ብላለች።

«ከአርባው በኋላ ሊነግርሽ ነው» አሉ አዴ ዲንቄ። «ገዢም አለ አሉ። የፊቱን ክፍል አፍርሶ ካፌ ነው የሚያደርገው።» ከዚያ እያለቀሱ እጇን ያዟት። «ጣቴን አጥፊልኝ ልጄ። ሰው ፊት አታውጪኝ። አርጅቻለሁ።»

ፀዳለ እጇን አላቀቀች። ሮቤ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ጣቶቹን አነሳች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ መጨረሻም ጠማማዋን። ከሌላው የነጠላ ክፍል ቀድታ ትከሻውን ሞላችው። አዴ ዲንቄን ይቅር ብላ አይደለም፤ እውነቱን ስለነገሯት ብቻ ነው። ከዚያ ወደ አውራ ጣቱ ሄደች። ሁለት ጊዜ ብትነካው ሐምራዊው ይጠፋል። ከትከሻ በላይ ብትቆርጣትም እጁ እንዳለ ይወጣል፤ ማንም ምንም አይልም። ስምንት ዓመት የሰውን እድፍ ስታጠፋ የኖረች እጅ ናት፤ ራሷ ልትሄድ ዳዳት። ማጥፊያውን ጣቱ ላይ አስቀምጣ ብዙ ቆየች።

«አላጠፋም!» አለች ድምፅ አውጥታ። ሻፊ ደንግጦ ቀና አለ።

ደመናም አላደረገች፣ አበባም አላደረገች። በስልኳ የነበረውን የቤቱን ፎቶ አመጣችና እናቷን ደጃፉ ላይ አቆመቻት፤ ከኋላዋ ቆርቆሮው፣ በሩ፣ መንገድ ዳር ያለችው ክፍል መስኮት። የነጠላውን ዘርፍ አንድ በአንድ በእጇ አወጣችው፤ በሕይወቷ እንዲህ አድርጋ የቆረጠችው ሰው የለም። ለደምመላሽ እንዲያየው ላከችለት። በፋይል ግን አይደለም። ዝም ብላ፣ ጥራቱ ወርዶ፣ አንሶ።

«አበጀሽ! ሕያው መሰለች እኮ» ብሎ መለሰላት። «ቤቱን ማድረግሽ ደግሞ ግሩም ሐሳብ ነው።»

እሑድ ጎባ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ባነሩ ከአንድ ሰው ቁመት ይረዝማል፤ ፀዳለ ራሷ ናት መሰላል ላይ ወጥታ የሰቀለችው። ሰዉ ከቅዳሴ እየመጣ ሞላ፤ የገባ ሁሉ ቀና ብሎ «ወይ ወለተኢየሱስ! ፈገግታዋን እዩት!» ይላል። ደምመላሽ ከፊት ተቀምጦ፣ ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ የሚያጽናናውን ሰው እጅ ይጨብጣል። እንጀራው ቀረበ፤ ሰው መብላት ጀመረ።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ጎሹ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያስፈርሙ የኖሩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ባነሩ ላይ አውራ ጣቱ ጭብጥ ያክላል።

«ፀዳለ» አሉ፣ «የእናትሽ ጣት ላይ ያለው የአሻራ ቀለም አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ ጋሽ ጎሹ።»

«ምን ላይ ፈርማ ነው?»

ጉርሻውም፣ ወሬውም ቆመ። አዴ ዲንቄ ከኋላ ተቀምጠው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

«እኔ የዚያን ቀን ዲንሾ ነበርኩ» አለች ፀዳለ። «ያነሳት ደምመላሽ ነው። እርሱን ይጠይቁት።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ደምመላሽ ጣቱን አየ፣ ቤቱን አየ፣ እህቱን አየ። «እሱማ... ዛሬ ማለቴ አልነበረም... ከአርባው በኋላ አንድ ላይ ተቀምጠን...» አለ። አንዲት ሴት «እንዴ! ቤቱን ነዋ! ጧሪዋን ሜዳ ላይ ጥሎ?» ስትል ተሰማ፤ ከዚያ ድንኳኑ ተንጫጫ። ጋሽ ጎሹ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙና «ተናገር እንጂ፣ ምን ላይ ነው የፈረመችው?» አሉት።

ፀዳለ ይህን ሰዓት ስትጠብቅ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም ነበር። ልቤ ይረጋልኛል ብላ ነበር። ወንድሟ ላቡን ሲጠርግ አየችው፤ አልረጋላትም። ቤቱ እንደሆነ ተፈርሞበታል፤ ጫጫታ አይመልሰውም። ቀና ብላ ባነሩን አየች። እናቷ ከሰዉ ራስ በላይ፣ ደምመላሽ ወደተቀመጠበት ወንበር እያየች ትስቃለች። የዚያን ቀንም ስልኩን ይዞ ፊቷ የቆመው እሱ ነበር። ያንን ፈገግታ ፀዳለ ስምንት ዓመት ካሜራ ይዛ ስትለምናት፣ አንድ ቀን እንኳ አልሰጠቻትም።